የእትዬ ዘነበች ብርጭቆዎች

ከወረዳው የመጣችው ልጅ ሶፋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ፊት ለፊት ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ ስትዘጋጅ፣ ውሃ ላቀርብላት ቡፌዬን ከፈትኩ። ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ብርጭቆዎች ያሉበት ነው፤ የድሮ እንጨትና የሳሙና ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እጄ ብርጭቆው ላይ እንዳለ ቀረ። ጎረቤቴ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች አለችኝ ልጅቷ፤ መንግሥት ለልጆች ማሳደጊያ የሚሰጠውን ድጋፍ ጠይቃለች፣ ልጅቷ የመጣችው ይህን ለማጣራት ነው።

እኛንም ልጅ ሆኜ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሳለን እንዲሁ ሊያጣሩን መጥተው ነበር።

አባቴ በሞተ በዓመቱ፣ ቀበሌው አባት ለሌላቸው ልጆች ማሳደጊያ በየወሩ እርዳታ ሊሰጥ ነው ተባለና እማዬ ተመዘገበች። እርዳታው ካልተፈቀደ ታናሽ ወንድሜ ሚኪ ደብረ ብርሃን ላለችው አክስታችን ይሰጣል። ነገሩ የተቆረጠ ስለነበር ልብሱ በጨርቅ ተቋጥሮ አልጋ ስር ተቀምጧል፤ እኔም ያን ሰሞን ቋጠሮው እንዳይታየኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር የምተኛው።

ኮሚቴው የሚመጣ ዕለት እማዬ የሠራችው ሥራ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ሰዎቹ ድህነታችንን ሊያዩ እንደሚመጡ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ግን እንግዳ እንዴት ባዶ ቤት ይቀበሏል፣ ገመናስ እንዴት ለሰው ይታያል? ስለዚህ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነበች ብርጭቆና ትሪ፣ ባለ መደገፊያ ወንበር፣ ጠርዙ መሬት የሚነካ ቀይ የአልጋ ልብስ ተውሳ አንዲቷን ክፍላችንን የሙሽራ ቤት አስመሰለቻት። ሚኪ በደስታ ይዘላል። እኔ ከበሩ ጥግ ሆኜ የቤታችን ማማር ወንድሜን ሊያሳጣኝ እንደሆነ እያየሁ ጥፍሬን እበላለሁ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታፈሰ ወንበሩ ላይ ተደላድለው፣ የቀረበላቸውን ለስላሳ እየጠጡ፣ ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት።

«እንዴት ነው ኑሮ፣ ወይዘሮ አስካለ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ጎደለብን።»

ጨዋ ሴት ኑሮዋን ስትጠየቅ ሌላ መልስ የላትም። ጋሽ ታፈሰ ከሁለቱ ባልደረቦቻቸው ጋር ተያዩና የእስክሪብቷቸውን ክዳን ገጠሙ። «እማዬ፣ ንገሪያቸው» ማለት ፈለግኩ።

ከእትዬ ዘነበች የሚለየን በጋዜጣ የተለበጠ ስስ ግድግዳ ስለነበር እዚያ ላስነጠሰ ከዚህ ይማርህ ይባላል። እትዬ ዘነበች ሁሉንም ሰምታ ኖሮ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«አስካለ፣ እንግዳ መጥቶብኛል፤ ዕቃዬን ልውሰድ።»

እንግዳ እንዳልመጣባት እኔም እማዬም እናውቃለን። ጋሽ ታፈሰ እስኪጨርሱ ጠብቃ ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀበለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ወንበሩም የኔ ነው።»

ተነሱላት። ቀጥላ የአልጋ ልብሱን ስትገፈው የጆንያ ፍራሻችንና ከአልጋው ስር ያለው ቋጠሮ ተጋለጡ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

«የኔ ልብስ ነው» አለ ሚኪ። «እናንተ እንቢ ካላችሁ አክስቴ ጋ ልሄድ ነው።»

ጋሽ ታፈሰ እንደቆሙ የእስክሪብቶውን ክዳን መልሰው ነቀሉት። እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

እርዳታው ተፈቀደ፤ ሚኪም ቀረልን። እማዬ ግን እትዬ ዘነበችን ለወራት አላናገረቻትም፤ ያዋረደቻትም ልጇን ያተረፈችላትም አንድ ሰው መሆኗ ነው መሰለኝ የከበዳት። ፋሲካ ሲደርስ ግን ያንኑ ትሪ ልትዋስ ራሷ ሄደች፤ የታረቁት እንደዚያ ነው።

ያ ሰፈር ዛሬ የለም፤ ጎረቤቱም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። እኔ አራት ኪሎ ያለው ደረሰኝ። ግድግዳዬ ወፍራም ነው፣ በሬ ብረት ነው፣ ትሪ ሊዋሰኝ የመጣ ሰው የለም። ይናፍቀኛል፤ ያ በጋዜጣ የተለበጠ ስስ ግድግዳ ይናፍቀኛል።

ልጅቷ ውሃውን ተቀበለችኝ።

«ቤቷን አይቼው ነው የመጣሁት፤ ጥሩ ሶፋ አላት። ኑሮ እንዴት ነው ስላት ደግሞ ተመስገን ነው የምትለኝ።»

ያ ቀይ የአልጋ ልብስ ትዝ አለኝ።

«ሶፋው የራሷ ነው?» አልኳት።

እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «እሱንማ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ። ጎረቤቷ አይደሉ?»

እኔ የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም።