ቅሬ ውክልና አያውቅም

አብሮ አደጌ ከአንዲት የእህል ወፍጮ ተነስቶ የዱቄት ፋብሪካ ተከለ። ከዚያ የሐይቅ ከተማ ከንቲባ ሆነ፤ ኋላም መርጠን ፓርላማ ላክነው። እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፤ ብቻ ለቀብር መረዳጃችን፣ ለቅሬያችን፣ ዳኛ አድርገውኛል። ቅሬያችን እስላም ክርስቲያን አይልም፤ ሰው ሲሞት ወንዱ ሁሉ ወጥቶ ይቆፍራል፣ ይሸከማል።

ከንቲባ ሳለ እንኳ ከስብሰባ እየወጣ ይደርስልን ነበር። አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን ሹፌሩን ከነዶማው ይልክልን ጀመር። ደንባችን ደግሞ ተደጋግሞ የቀረ ከነቤተሰቡ ይሰረዛል ነው የሚለው። ይኼኔ አሮጊት እናቱ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ደጄ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ እሱን ብትሰርዙት እኔን ማን ሊሸከመኝ ነው?»

«እማማ፣ በስብሰባ ይታያል» አልኳቸው። እኔም ጨንቆኛል።

በስብሰባው ቀን መጣ። ዋርካው ሥር እንደ ማንም ሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና፣ «ደንቡ ይሻሻል፤ ራቅ ያለ አባል በወኪል ይቆፍር» አለ።

አንድ ሸህ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ወላሂ፣ አንተ የኛ ወኪል ነህ። ሹፌሩ ያንተ ወኪል። ነገ እሱም ሹመት ቢያገኝ ወኪል ይልካል። እንዲህ ስንወካከል ሬሳው ፀሐይ ላይ ሊውል ነው?» አሉት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ፊቱ ግን ፍም መሰለ።

«ሐሳቤን ትቼዋለሁ» አለ።

«እንግዲህ ለሚቀጥለው ቀብር ራስህ ካልመጣህ እሰርዝሃለሁ፤ ወንድሜም ብትሆን» አልኩት። እናቱ ራቅ ብለው ይሰማሉ።

ብዙም ሳይቆይ ያቺን የመጀመሪያ ወፍጮውን ያንቀሳቅሱለት የነበሩ ሽማግሌ፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ፣ ወደ አኺራ ሄዱ። ለአብሮ አደጌ በማለዳ አስደወልኩለት። መቃብሩ ከጉልበት ሳያልፍ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በኪራይ መኪና ደረሰ። ኮቱን አውልቆ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ሸሁ አልማሩትም። «ክቡርነትዎ፣ ዶማ በየት በኩል እንደሚያዝ እናሳይዎ?»

«ሹፌሬን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አባባ!»

ከቀብር ስንመለስ እናቱ ደጅ ቁጭ ብለው ጠበቁን። መዳፉን ገልብጠው አዩት፤ ውኃ ቋጥሯል።

«በቃ፣ አሁን ብሞትም ግድ የለኝ» አሉ።

«ኧረ እማማ፣ ፓርላማው ለክረምት እስኪዘጋ እንኳ ይቆዩልን» አልኳቸው።

ይኸው እሳቸውም አሉ፤ እሱም ከቅሬያችን አልወጣም።