ከደካ ያልመጣው እንጉዳይ

ይህን ለእናቴም አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን ሌላ ሌላውን ስናገር ይህን ዘልዬዋለሁ። አሁን የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ወንድሜ አስራት ከሞተ ወዲህ ዝም ማለት ከበፊቱ ስለከበደኝ ነው።

አስራት ለማስተርሱ የሚያጠናው እንጉዳይን ነበር። እንጉዳይ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያነቃቃ ነገር አለ፤ እሱ መጠኑን ይለካል። ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው። ከጫካችን የሚለቀመው፣ ቦንጋ ውስጥ ልጆች በቡና ገለፈት ላይ ከሚያበቅሉት ይበልጥ ይሆን? ይበልጣል ብሎ ያምን ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። አስራት የጫካውን እንጉዳይ እንዳመጣለት ደካ ወደሚባል ገጠር ላከኝ። እትዬ ወርቄ የሚባሉ ሴት ጫካ ይዘውኝ ገብተው ከወደቀ ግንድ ላይ ለቀሙልኝ። አስራት የወረቀት ከረጢት ሰጥቶኝ፣ «በፌስታል እንዳትቋጥረው፣ ይታፈናል፤ እንደደረስክ አስጣው» ብሎኝ ነበር። ዝናብ ሲመጣ በፌስታል ቋጠርኩት። እኔ ነኝ የቋጠርኩት። ቦንጋ ስደርስም ቤት አልገባሁም፤ ኳስ ለማየት ጓደኛዬ ጋ ሄጄ እዚያው ሰነበትኩ። ስፈታው ውሃ አዝሎ ይሸት ነበር።

ጣልኩት። ከሚያበቅሉት ልጆች ተመሳሳዩን ለምኜ አደረቅሁና «ደካ» ብዬ በጻፍኩበት ከረጢት ከተትኩት። ከደረቀ በኋላ ማን ይለየዋል? አስራት እንኳን አልለየውም። ከረጢቱን ከፍቶ እያየ «ዛሬስ ሰው ሆነሃል፣ አንተ ሰነፍ!» አለኝ። ሳቅሁ። እንዴት ሳቅሁ?

ውጤቱ ሲመጣ የደካው ከሚበቅለው ጋር እኩል ሆነ። አስራት ግራ ገባው። «የደካው ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። እስከዚያ ያደረግሁትን ስንፍና ልበለው። ይሄኛው ግን ምን ይባላል? ዓይኑን እያየሁ «አዎ» አልኩት።

እኔን ስላመነ የራሱን እጅ ተጠራጠረ። ኩላሊቱን እያመመው፣ ፊቱ እያበጠ፣ ቅዳሜና እሁድ ላብራቶሪ ገብቶ ያንኑ የእንጉዳይ ዱቄት እንደገና መዘነ፣ እንደገና ለካ። መልሱ ያው ነው። «የማልረባው እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁት።

ለእትዬ ወርቄ ደውሎ እንጉዳያቸው ከሌላው እንዳልተለየ ሲነግራቸው ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። «ማሽንህ ምላስ የለውም እንዴ ልጄ? ይምጣና ይቅመስ!» ብለው ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ስልኩን ሲዘጋ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በዚያው በኩላሊቱ ሞቶ ከቀበርነው በኋላ የዩኒቨርሲቲ አማካሪው ለቅሶ መጡ። ሥራው በአስራት ስም እንዲታተም እንደሚያደርጉ ለአባቴ ነገሩት። አባቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ፣ «ስሙ አይጠፋም ማለት ነው?» አለ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ዝም ካልኩ ውሸቴ በወንድሜ ስም ይታተማል። ከተናገርኩ ደግሞ አባቴ የያዛትን አንዲት መጽናኛ ከእጁ እነጥቃለሁ።

ነገ እናገራለሁ። መጀመሪያ ለአባቴ፣ ከዚያ ለአማካሪው። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አልነበርኩም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው አስራት ብቻ ስለነበር ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይህን ብቻ እመኑልኝ፤ ወንድሜ በትክክል ነበር የለካው።