አውድማው ላይ የወደቀው ድንጋይ

ጻፊ። ሱሉልታ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ድሮ እህል ማስቀመጫ ነበር። መስኮት የለውም፣ ወለሉ አፈር ነው፣ ነቀዙ እግር ላይ ይሄዳል። አራስ ነበርኩ። ጡቴ እየሞላ ቀሚሴን ያረጥበዋል።

ጥፋቴ ማየቴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ በባላባታችን አውድማ ላይ ገለባ ስናነሳ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰማዩ እንደ መድፍ ጮኸና ጥቁር ድንጋይ መጥቶ የባላባቱን በቅሎ ወገብ ሰበረ። ባላባቱ ግን ያን ሰሞን ከመሬቱ ያባረረውን ጭሰኛ፣ ጎረቤታችንን፣ "እሱ ነው የወረወረው" ብሎ አሳሰረው። ከሰማይ ነው ያልነውን ሦስት ሴቶችም ያዙን።

የጣቢያው መቶ አለቃ፣ "ሲወረውር አይቻለሁ በይና ጣትሽን አትሚ። ወዲያው ልጅሽን ታጠቢያለሽ። እስከ ነገ አስቢበት" አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት የአዲስ አበባ ተማሪ ነበረች፣ ጭሰኛ ታነሳሳለች ብለው ያመጧት።

"የእግዜር ቁጣ ነው" አልኳት። "ካገር ሁሉ ባላባቱን ለይቶ መታው።"

"አይምሰልሽ እትዬ። እንዲህ ያለ ድንጋይ በዓለም ሁሉ ይወድቃል። ሲወድቅ የታየውን የተማሩ ሰዎች ይቆጥሩታል። ሰው የበዛበት አገር ብዙ ተቆጥሮለታል፣ በረሃው ባዶ ነው። ከሌሊቱም የቀኑ ይበዛል።"

"ድንጋይ በረሃ ይጠላል እንዴ?"

"በረሃ የሚያይ የለማ። ሌሊት ደግሞ ሰው ተኝቷል። ያ ቁጥር የተመልካች ቁጥር ነው፤ ድንጋዩማ የትም ይወድቃል። እናንተ ማሳ ላይም ወድቆ ይሆናል፣ ማን አየው? እሱ አውድማ ላይ ግን ሁላችሁም ነበራችሁ።"

ከፋኝ። በዚያ ቁጣ ነበር የምጽናናው፣ እሷ ነጠቀችኝ። ጀርባዬን ሰጠኋት። ቆይቼ፣

"ያየነው አላየንም ካልንስ?" አልኳት።

"እንዳልወደቀ ሆኖ ይቀራል።"

"እንግዲያ ጎረቤቴ ወረወረው ማለት ነዋ።"



ጠዋት ሁለቱ ሴቶች አተሙ። አልፈርድባቸውም፣ እነሱም ልጅ አላቸው። የመቶ አለቃው ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው።

"ጌታዬ፣ በቅሎ ወገብ የሚሰብር ክንድ ቢኖረው ባላባቱ ከመሬቱ ያባርረው ነበር?" አልኩት።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን በእጁ አፈነ።

"አትቀልጂ። ሲወረውር አየሽ አላየሽም?"

"ድንጋዩን አይቻለሁ። ከላይ ነው የመጣው።"

እጄን ይዞ ጣቴን ሊፈለቅቅ ታገለኝ። ጨበጥኩ። ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፣ ጣቴ ግን አልነካውም።

ጎረቤቴን በሁለቱ ቃል ፈረዱበት፤ እዚያው እስር ቤት ሞተ። እኔን የለቀቁኝ ጡቴ ከደረቀ በኋላ ነው። ልጄን ሲያስታቅፉኝ ፊቱን አዞረብኝ፣ እናቴ የላም ወተት አስለምዳዋለች። ያ ልጅ አባትሽ ነው። ለምን አላተምሽም ብሎ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩት።

ትናንት በስልክሽ ፈልገሽ፣ "አያቴ፣ የሱሉልታው ድንጋይ ከተቆጠሩት ውስጥ የለም" አልሽኝ። ከየት ይመጣል? ሁለቱ ሰው ወረወረው ብለው አትመዋል፣ የኔን ቃል ደግሞ የጻፈው የለም። እነሱም ሞተዋል። እኔም ስሄድ ጎረቤቴ እንደወረወረው ይቀራል። ለዚህ ነው ከሥራሽ አስቀርቼ የማስጽፍሽ።