ክብሪት የተጫረብኝ ቀን

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ቴፒ ቡና ማጠቢያ ውስጥ መካኒክ ሆኜ ስሠራ ነው። ልቤ ውስጥ የበቀለ እጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶልኝ የዳንኩ ሰው ነኝ፤ ይህን የሰማ ሁሉ «ተአምር ነው» ይለኛል። እኔን ግን ዛሬም ክብሪት ሲጫር አንገቴን የሚያስደፋኝ ሌላ ነገር ነው።

ታናሽ ወንድሜ ታደለ፣ ሚዛን ተፈሪ ከተማ አንዲት ልጅ ወደደ። አባታችን ስለሞተ፣ ከሁለት የሰፈራችን አዛውንቶች ጋር ለሽምግልና የሄድኩት እኔ ነበርኩ። የልጅቷ አባት አቶ ሽፈራው ነጋዴ ናቸው። ጉዳያችንን ተናግረን «ተቀመጡ» እስክንባል ቆሞ መጠበቅ ነው ወጉ፤ እሳቸው ደግሞ ማስጠበቅ ያውቁበታል። ድሮም ብዙ ስቆም ዓይኔ ይጨልምብኝ ነበር። የወባ ርዝራዥ ነው ብዬ ንቄው ነበር።

ስነቃ ወለሉ ላይ ተዘርሬያለሁ። የልጅቷ እናት እትዬ አስካለ ክብሪት ጭረው አፍንጫዬ ሥር ይዘዋል። ሱሪዬ ርሷል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ክብሪት የሚጫረው ለማን እንደሆነ አገር ያውቃል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ነው።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። አቶ ሽፈራው ልጄን ከእንዲህ ያለ ዘር ጋር አልቀላቅልም አሉ። ታደለ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ምግብ ግን ተወ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ ላይ ደግሜ ወደቅሁ። ጅማ ላኩኝ፣ ከጅማ አዲስ አበባ። ልብህ ውስጥ እጢ አለ ተባልኩና ለቀዶ ሕክምና ሶቪየት ኅብረት ሄድኩ። ሐኪሙ በአስተርጓሚ ሲያስረዳኝ ቶሎ ገባኝ፤ የማጠቢያችንን ቦይ ቅጠል ሲደፍነው የማጸዳው እኔ ነኝና። እጢው ተንጠልጥሏል፤ ስቆም ወርዶ የደሙን መተላለፊያ ይዘጋል። ደረቴን ከፍተው፣ ልቤን አቁመው፣ ሥራውን ለማሽን ሰጥተው አወጡት።

አገሬ እንደገባሁ እነዚያኑ አዛውንቶች ይዤ ሚዛን ሄድኩ። አቶ ሽፈራው ገና ደጃፉን ሳንረግጥ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉ፤ እንዳልወድቅባቸው ፈርተው ነው። ደሜ ፈላ። አልቀመጥም ብዬ የሸሚዜን ቁልፍ ፈታሁና ጠባሳውን አሳየኋቸው።

«የኔ በሽታ የልብ ነው፤ ተቆርጦ ወጥቷል። እኔ አረፋ የሚደፍቅ ሰው አይደለሁም። በዘራችን እንዲህ ያለ ጉድ የለም!» አልኩ።

እትዬ አስካለ መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ሽፈራው ቀስ ብለው «ሸፍነው ልጄ። ልጅቷን ሰጥተናል» አሉኝ። እሺ ያሉት ጠባሳው አስደንግጧቸው መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ነገሩ የገባኝ ከሰርጉ በኋላ፣ በመልሱ ቀን፣ እዚያው እነአቶ ሽፈራው ቤት ነው። ታደለ ወደ ጓዳ ወስዶ ከአንዲት ሴት ጋር አስተዋወቀኝ። የእትዬ አስካለ ታናሽ እህት ናት። የሚጥል በሽታ ስላለባት እንግዳ ሲመጣ አትወጣም። እትዬ አስካለ ክብሪት ከመቀነታቸው የማይለዩት ለሷ ኖሯል። አቶ ሽፈራውም ያን ያህል የፈሩት በቤታቸው ያለውን ስለሚያውቁ ነበር። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ ሰምታለች።

እጄን ይዛ ወደ ደረቴ አየች። «እሰይ፣ ያንተስ ወጣልህ» አለችኝ።

ከልቧ ነው፤ ነገር አልነበረበትም። እኔ ግን ይቅርታ እንዳልላት ያንን ቃል ደግሜ ማንሳቱ ራሱ አሳፈረኝ፤ እስካሁንም አላልኳትም። እዚያ ቤት ስሄድ መጀመሪያ ጓዳ ገብቼ እሷን እስማለሁ። ትስቅልኛለች። ዓይኗን ማየት ያቃተኝ እኔ ነኝ።