የብርሃነመስቀል «ነበር»

ብርሃነመስቀል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከዴንቨር ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። ባለፈው ግንቦት የእህቱን ልጅ ሊጠይቅ ለንደን ሄዶ ሁለት ሳምንት ከረመ። ሲመለስ ሰው አላስቀምጥ አለ።

ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ያለ ምግብ ቤት ተቀምጦ፣ «ይሄ ሕንፃ ነው? ካልሲዬ በዕድሜ ይበልጠዋል» ይላል። መናፈሻ ሲያይ፣ «የእንግሊዝን ጽጌረዳ ሳታዩ ሞታችኋል እኮ!» ይላል። ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ሐውልቱ ያወራል። እውነቱን ለመናገር፣ ከቤተ መንግሥቶቹ የገባው አንዱ ጋ ብቻ ነው፤ እሱንም ዝናብ አባርሮት።

ልቡን የወሰደው ግን በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ነው። እገሌ እዚህ ቤት ይኖር ነበር ይላል። ገጣሚ፣ ሐኪም፣ ጄኔራል። ብርሃነመስቀል ከእነዚህ በምን ያንሳል? የሰፈራቸውን የአውሮራን ዕድር ካቋቋሙት አንዱ እሱ ነው፤ ይህን የሚያስታውስም እሱ ብቻ ነው። ሳይሞት አንድ ሰው እንኳ እንዲያስታውስለት ፈለገ።

ሌክውድ ያለ ማስታወቂያ ሠሪ ጋ ሄዶ የራሱን ሰሌዳ አሠራና በቤቱ ፊት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። አጻጻፉን ከእንግሊዞቹ አላጎደለም፤ «የዕድሩ መሥራች ብርሃነመስቀል እዚህ ቤት ይኖሩ ነበር።» ራሱን በራሱ አንቱ አለ።

ሚስቱ ጌጥነሽ እንግልውድ ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ለሥራ ስትወጣ አየችው። «ታዲያ ቆሻሻውን አንቱ ያውጡት» ብላ መኪናዋን አስነሳች።

ሳምንት አለፈ። ፖስተኛው እንኳ ቀና ብሎ አላየም። ቅዳሜ ዕለት ጓሮ ሆኖ የደረቀ ጽጌረዳውን ሲከረክም ከፊት ለፊት የሰው ድምፅ ሰማ። በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ። የዕድሩ ሰዎች ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የውሃ ካርቶን ተሸክመዋል። ሊቀ መንበሩ ሀብተጊዮርጊስ በዋዜማው በዚያ ሲያልፍ ሰሌዳውን አንብቦ ለሁሉም ደውሎ ኖሯል።

ነገሩ ሲገባው መውጣት ነበረበት። አልወጣም። ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይወራምና፣ ስሙ በደህና ሲነሳ ሊሰማ ጆሮውን አጥሩ ላይ ለጠፈ።

«መቼም…» አለ ሀብተጊዮርጊስ፣ «ሰው አክባሪ ነበር እንዳልል…»

«ጋሼ፣ ሙት ወቃሽ አይሁኑ» አለች የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ጽጌ።

«አልወቀስኩም። ግን ከለንደን ከመጣ ወዲህ ስልኩን አላነሳለትም ነበር።»

«እሱስ እኔም አላነሳም ነበር። ስለዚያ ጽጌረዳ ስንቴ ልስማ?»

«መሥራች ይላል ደግሞ። ምኑን ነው የመሠረተው?»

«አንዴ ድንኳን አምጥቶ ነበር መሰለኝ።»

«የኪራይ ነበር።»

ብርሃነመስቀል መቀሱን እንደያዘ ወጣ። «አለሁ!»

ጽጌ ጮኸች። ሀብተጊዮርጊስ ሰሌዳውን አየ፣ እሱን አየ። «ካለህ ‹ነበር›ን ምን አመጣው?»

«እንግሊዝ አገር እንዲህ ነው የሚጻፈው!»

«ለማን?»

መልሱን ያውቃል። ለንደን ግድግዳ ላይ ስማቸው ከተለጠፈው አንድም በሕይወት ያለ የለም።

ሰዎቹ የውሃ ካርቶናቸውን መልሰው ተሸከሙ። «ቀኑ ሲደርስ እናመጣዋለን» አለ ሀብተጊዮርጊስ።

ሰሌዳውን ግን ማውረድ አልሆነለትም። መሰላል አቁሞ «ነበር» የምትለዋን ብቻ ፍቆ አጠፋት።

አመሻሽ ላይ ጌጥነሽ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ጮክ ብላ አነበበች። «እዚህ ቤት ይኖሩ…» ቀሪውን ፈለገች። የለም።

«ይኖሩ ምን?» አለችው።

ብርሃነመስቀል ቆሻሻውን ይዞ ወጣ።