የአምብሮዝ ቴትሎው ዘጠና ስምንት ነጥብ

አምብሮዝ ቴትሎው መምቻውን ይዞ ሜዳ ሲገባ ዳኛው ክሌም ረጅ ግማሽ ሥራው እንደቀለለለት ያውቃል። ኳሷ የመምቻውን ጠርዝ ነክታ ከኋላ የቆመው ባለ ጓንት ወይም ሌላ ተጋጣሚ መሬት ሳትነካ ከቀለባት፣ መቺው ከሜዳ ይወጣል፤ የክሪኬት ሕግ ነው። ስንቱ ታዲያ ነክቶ እንዳልነካ፣ ዳኛ እስኪያስወጣው እንደ ግንድ ተገትሮ ይቀራል! አምብሮዝ ግን ከነካ ማንም ሳይጠይቀው መምቻውን በብብቱ ወሽቆ ውልቅ ነው። ለአውራጃው ሃያ ሁለት ዓመት ሲጫወት ዳኛ አስቸግሮ አያውቅም። «አምብሮዝ ከቆመ አልነካም» ማለት ለዳኞቹ እንደ ሃይማኖት ነበር።

በዚያ ነሐሴ አርባ አንድ ሞልቶታል። የከረመበት ዓመት የማይረባ ነበር፤ ዓይኑ ኳሷን ቢያይም እጁ ይዘገያል። ስንት ጊዜ የተሰበሩ ሁለት ጣቶቹም ብርድ ሲሆን ጭራሽ አይሰማቸውም። ኮሚቴው የዚያን ዕለት ከጨዋታ በኋላ ሊሰበሰብ ነው፤ አምብሮዝ በዚያ ጨዋታ መቶ ነጥብ ከሞላ አንድ ዓመት ይጨመርለታል፣ ካልሞላ ቦታው የወጣት ነው። ይህን ሣር አጫጁ እንኳ ሰምቷል። አምብሮዝ ደግሞ ከመምቻ በቀር የተማረው ሙያ የለውም።

ለሻይ ሲወጡ ዘጠና ስድስት ደርሶ ነበር። እንደ ልማዱ ሳንድዊቹን በአንድ እጁ እየገመጠ መምቻውን በጨርቅ እስኪነጣ ወለወለው። ጓደኞቹም እንደ ልማዳቸው፣ መቼ ልታገባት ነው እያሉ ቀለዱበት።

ከሻይ መልስ ብርዱ ጠንክሮ ነበር፤ አዲስ ቀይ ኳስ ወጣች። ወርዋሪው ዴንዚል ፓስኮ የሚባል የእንግዳው ቡድን ጎረምሳ ነው፤ ከመጣ ጀምሮ አንድም ሰው አላስወጣም። ወረወረ። ባለ ጓንቱ ያዛት፤ ተጋጣሚዎቹ ሁሉ «ነካ፣ ይውጣ!» እያሉ ባንድ ድምፅ ጮኹ። ክሌም ጠቅ የምትል ነገር የሰማ መሰለው። ቀና ሲል አምብሮዝ ቆሟል። በቃ፣ አልነካም ማለት ነው! ክሌም አይወጣም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ፓስኮ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ኳስ አምብሮዝ ሁለት ነጥብ አገኘ። ዘጠና ስምንት። ከዚያ መምቻውን መሬት ላይ ሊያስደግፍ ሲል ዓይኑ ጠርዙ ላይ አረፈ። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ጣቱን አየ፤ ደርቆ ቀረ። ክሌም ከወዲያ ማዶ ሆኖ ነገሩ ገባውና ክው አለ። የፈረደው በጆሮው አልነበረም፣ በአምብሮዝ ስም ነው። ሌላ ኳስ ከተወረወረ ወዲያ ደግሞ ፍርድ አይመለስም።

ፓስኮ ተስፋ ቆርጦ ይመስላል፣ ሕፃን የሚመታትን ልፍስፍስ ኳስ ወረወረ። አምብሮዝ ለስለስ አድርጎ አነሣትና ደረቱ ላይ አስቀመጠለት። ጎረምሳው አቀፋት። ክሌም ጣቱን ቀስሮ የመውጫውን ምልክት አሳየ።

«ምነው አምብሮዝ?» አለው በአጠገቡ ሲያልፍ።

አምብሮዝ የመምቻውን ጠርዝ አሳየው። ነጩ እንጨት ላይ ቀይ መስመር ተጋድሟል። «የቅድሟ ነክታ ኖሯል፣ አልተሰማኝም ነበር። የልጁ ናት፣ መለስኩለት። አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር።»

ኮሚቴው አመሰገነው፣ እጁን ጨበጠው፣ አሰናበተው። ከጨዋታ በኋላ መጠጥ ቤት ሲገቡ ፓስኮ ቢራውን ይዞ፣ ያን አንበሳ በዝግታ ኳስ እንዴት እንዳታለለው አፉን ሞልቶ ያወራል። ክሌምን ምላሱ በላው፤ አደራ ሆነበትና ዋጠው። እንዲህ ያለውን ሰው እናት አንዴ ነው የምትወልደው በልቡ እያለ፣ አምብሮዝን ቀና ብሎ ሊያየው እንኳ ፈራ።

አምብሮዝ ከጥግ ብርጭቆውን አነሣ። «ጥሩ ኳስ ነበረች፣ ልጄ» አለ፤ «ምንም ላደርጋት አልቻልኩም።»

ክሌም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ አፍ የሰማው ውሸት ይኸው አንዱ ብቻ ነው።