ከሕያዋን ወገን

መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ነጭ ሽንኩርት መላጥ ነበር። የደባርቅ ጠዋት ፀሐይ ገና መሞቅ ሲጀምር ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ እሱ ይፈለፍላል፣ እኔ እልጣለሁ። ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ ባለቤቴ እጁን ገታ።

"የባቡሩ ጥሩምባ እንዲህ አልነበረም" አለ። "የሱ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባ።"

ጣቱን አሸተተና "ብርቱካን ልጣጭ ቢኖር ይህን ሽታ ያስለቅቀው ነበር" አለኝ።

"ያችን የባቡሯን ልጅ ጥራትና ታምጣልሃ!"

ከት ብሎ ሳቀ። "አንች ሴት፣ ሽበት አብቅለሽም አልበረደልሽ?"

አልበረደልኝም ነበር።

ወጣት ወታደር ሳለ በምሥራቁ ጦርነት ባቱን ተመታ። ከድሬዳዋ ቁስለኛ በሚያመጣው ባቡር ጫኑት። ፉርጎው ደምና የጋለ ብረት ይሸት ነበር ይላል። አንዲት አስታማሚ ልጅ ራሱን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው ብርቱካን እየላጠች ልጣጩን አፍንጫው ሥር ትይዝለት ነበር። "አንተ የሰሜን ልጅ፣ እንዳትተኛ! አገርህን ንገረኝ" ትለዋለች። እሱም ስለ ደባርቅ ብርድ፣ ስለ ገብሱ፣ ከገደሉ ሥር ስለሚወጣው ጉም አዋሽ እስኪደርሱ አወራላት። ለእኔ ስለ ደባርቅ አውርቶልኝ አያውቅም፤ እዚሁ ነዋ የምኖር።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ፤ ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይህን ታሪክ ለልጆቻችንም ለእንግዳም ሲያወራ ድምፁ ይለሰልስ ነበር። በዚያ ድምፅ እኔን ጠርቶኝ እንደሆነ ለማስታወስ ዛሬም እሞክራለሁ። "ጨጓራዬን ይነካኛል" እያልኩ ብርቱካን ቤቴ አላስገባሁም። ውሸት ነው፤ ጨጓራዬ ደህና ነው።

ሽንኩርቱን በላጥን በሦስተኛው ቀን አረፈ።

አርባው ሲደርስ የነፍስ አባታችን በጸሎት የሚያነሡትን የቤታችንን ሰዎች የክርስትና ስም የያዘ ወረቀት ይዘው መጡ። ሕያዋን በአንድ ወገን፣ ሙታን በሌላው። የእሱን ስም ወደ ሙታን አሻገሩት። ከዚያ ከሕያዋኑ መካከል የማላውቀው የሴት ስም ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ይችስ እንዳለች ትቆይ?"

"ማን ናት፣ አባ?"

"አልነገረሽም? ባቡሩ ላይ የክርስትና ስማቸውን ተጠያይቀው ነበር፤ የተረፈው ሌላውን በጸሎት እንዲያስታውስ። ይህን ያህል ዘመን አንሡልኝ ይለኝ ነበር። በሕይወት መኖሯን እንኳ አያውቅም ነበር።"

ሁሉን የነገረኝ መስሎኝ ነበር። ይህን ብቻ ለራሱ አስቀርቶታል።

"ይሰርዙት" አልኩ። "የቤታችን ሰው አይደለችም።"

አባ ብዕሩን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። "ልጄ፣ መሰረዙ ቀላል ነው። እስኪ እደሪበት።"

አንድ ቀን አይደለም፣ ብዙ ቀን አደርኩበት። አንዱን ቅዳሜ ከገበያ አንድ ብርቱካን ገዛሁና ከድንጋዩ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ላጥኩ። ልጣጩን አፍንጫዬ ሥር ያዝኩት፤ ዓይን ያቃጥላል። ይህ ሽታ ባይኖር ያ ወታደር እንቅልፍ ወስዶት በረሃ ይቀር ነበር፤ እኔም ዳባት ሌላ ሰው አግብቼ ስሙን እንኳ ሳልሰማ እኖር ነበር። ይህን አውቄም ቅናቱ አልለቀቀኝም። ብርቱካኑን ግን በላሁት።

ስሟን እዚህ አልጽፈውም። አሁን ወር በገባ በአሥራ ሁለት ስሞቹን በእጄ ጽፌ ለአባ እወስዳለሁ። እሱን ከሙታን ወገን እጽፈዋለሁ። ከሕያዋን ወገን እሷን እጽፋለሁ፣ ራሴን አስቀድሜ።